ጣሪያሽን ሳትጽፊ ጨረታ አትግቢ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከእናቴ ጋር ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችና ኤሌክትሮኒክስ የምንሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችን። ዘንድሮ በቴሌግራም ጨረታ የሚያካሂዱ ቻናሎችን መከታተል ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ ተጫርቼ ሁለቱንም አሸነፍኩ። አንደኛው ላፕቶፕ ነው፤ በ23,500 ብር ወሰድኩት። ባትሪው የሞተ ሆኖ ለባትሪ 3,500፣ ዕቃውን በመኪና ለማስጫኛ ደግሞ 400 አወጣሁ። በመጨረሻ በ26,000 ሸጥኩት። ሁለተኛው የስፌት መኪና ነው፤ እሱ የተሰበረ ሆኖ አይሠራም፣ እስካሁን ሱቁ ጥግ ቁጭ ብሏል። በዚህ ላይ ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ የአያታችንን ጠገራ ብሮች ላኪልኝና ኢቤይ በሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ ላይ እናጫርታቸው ትለኛለች። ኮምቦልቻ ጉምሩክ የተወረሰ ዕቃ በሐራጅ ይሸጣል ሲባልም እሰማለሁ። እናቴ "ያላየሽውን ዕቃ መግዛት ቁማር ነው፣ ተይው" ትላለች። እኔ ግን ሥራውን መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ያሳሰበኝ መክሰርሽ አይደለም። ሁለት ጊዜ ተጫርተሽ ሁለቱንም ማሸነፍሽ ነው። አትርፎ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው ጨረታን በደንብ ከያዘው አብዛኛውን ጊዜ ተሸንፎ ነው የሚወጣው።

እስቲ አስቢው። የአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ፎቶ ተለጥፎ ሃያ ሰው ዋጋ ይሰጣል። ዕቃውን በእጁ የነካ የለም፤ ሁሉም የሚናገረው በግምት ነው። አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ አድርጎ ይገምታል፣ ብዙው ሰው መሀል ላይ ይውላል። ዕቃው ግን የሚደርሰው መሀል ለገመተው ሳይሆን ከሁሉም አብልጦ ለገመተው ነው። እንግዲህ "እንኳን ደስ አለሽ፣ አሸንፈሻል" የሚለው መልእክት ሲመጣ ከሃያው ሰው ሁሉ በዚህ ዕቃ ላይ የበለጠ ተስፋ የጣልሽው አንቺ ነሽ ማለትም ነው። ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፈው ያወጡት ሦስት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች ነበሩ። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ይዞታ በጨረታ የወሰዱ ኩባንያዎች የጠበቁትን ትርፍ ለምን እንዳላገኙ ሲመረምሩ የደረሱበት ነው፤ "የአሸናፊው እርግማን" ይባላል። ባለ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ኩባንያዎች የወደቁበት ነውና አንቺን ሊያሳፍርሽ አይገባም።

እናትሽ ቁማር ነው ማለታቸው ግማሹ እውነት ነው። ቁማር የሚያደርገው ግን ዕቃውን አለማየት ብቻ አይደለም፤ የት ላይ እንደምትቆሚ ሳትወስኚ መግባት ነው። ጨረታው ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሰው በላይሽ ላይ 200 ብር ሲጨምር፣ ያን ጊዜ "ስንት ያዋጣኛል?" ብሎ ማስላት አይቻልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር አውጪ፤ ስልኩ ይቆይ። ሒሳቡን ከመጨረሻው ጀምረሽ ወደኋላ ሥሪው። የራስሽን ላፕቶፕ እንውሰድ። ደሴ ላይ 26,000 ብር አወጣ። ከዚያ ላይ ለባትሪ 3,500 ቀንሺ። ሻጩ "ባትሪው ደህና ነው" ቢልም ቀንሺ፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ባትሪ እንደሞተ መቁጠር ነው የሚሻለው። ለማስጫኛ 400 ቀንሺ። ለድካምሽና ገንዘብሽ ተይዞ ለሚቆይበት 2,500 ትርፍ ያዢ። አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ይመጣል፤ ከምትገዢያቸው መካከል አንዱ ጨርሶ የማይሠራ ሆኖ ይመጣልና የእሱን ኪሳራ ሌሎቹ ላይ ማካፈል አለብሽ። ለዚህ 1,500 እንበል። የቀረው 18,100 ብር ነው። ጣሪያሽ ይህ ነው። አንቺ የከፈልሽው 23,500 ነው፤ ባትሪውና ማስጫኛው ሲጨመር 27,400 ወጥቶብሽ 1,400 ብር ከስረሻል። ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ባትሪው ደህና ቢሆን ኖሮ እንኳ ትርፍሽ 2,100 ብር ነበር፤ የሚመጣውን አንድ የተበላሸ ዕቃ አይሸፍንም።

ቁጥሩን ጻፊው፣ ቀኑን አስፍሪበት፣ ከዚያ ቻናሉን ክፈቺ። ሌላ ሰው የሰጠውን ዋጋ አይተሽ የራስሽን ካስተካከልሽ ጣሪያ አልነበረሽም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ። አብዛኛው ቻናል መነሻ ዋጋ ይለጥፋል፣ ተጫራቾች በኮሜንት ይጨምራሉ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሻጩ "ተዘጋ" ይላል። ጨረታው የሚመራው በሻጩ በራሱ ነው፤ መሀል ላይ የቆመ ገለልተኛ ሰው የለም። ትልቁ በሽታ ዋጋ ለማስጨመር የሚገባው የሻጩ ሰው ነው። እንዴት ትለይዋለሽ? ፎቶ የሌለው ወይም ትናንት የተከፈተ የሚመስል አካውንት ይሆናል፣ አንቺ በጨመርሽ በሰከንዶች ውስጥ ትንሽ ጨምሮ ይከተልሻል፣ ሌላ ሰው ሲጨምር ግን ዝም ይላል። የማያጠራጥረው ምልክት ደግሞ ከተዘጋ በኋላ ይመጣል። የተሸነፍሽ መስሎሽ ስትተኚ ሻጩ በውስጥ ይጽፍልሻል፤ "አሸናፊው አልከፈለም፣ አንቺ በሰጠሽው ዋጋ ይሁንልሽ" ይላል። አንዴ ሊያጋጥም ይችላል። ከአንድ ቻናል ሁለተኛ ጊዜ ከመጣ ግን "አሸናፊው" ማን እንደሆነ ገብቶሻል። ያን ጊዜ ወይ የሻጩ ሰው ከመግባቱ በፊት የነበረውን ዋጋ አቅርቢ፣ ወይ ቻናሉን ተይው። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ለጊዜው ለአንድ ወር ያህል ጨርሶ አትጫረቺ፤ ተመልከቺ ብቻ። ከሱቃችሁ ቶሎ የሚወጡ ሁለት ሦስት የዕቃ ዓይነቶች ምረጪና የተዘጉበትን ዋጋ መዝግቢ። የተጠየቀበትን ዋጋ አልወጣኝም። ሻጭ የፈለገውን ይጠይቃል፤ ገበያውን የሚነግርሽ ገንዘብ የተከፈለበት ዋጋ ብቻ ነው። ኢቤይ ላይ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለ፤ የተሸጡትን ብቻ አሳየኝ ብለሽ ስትመርጪ ባለፉት 90 ቀናት የተሸጠውን ከነዋጋው ያወጣልሻል። ለማየት ገንዘብ አይጠየቅም። ከደሴ ሆነሽ ኢቤይ ላይ ዕቃ መግዛት ግን አልመክርሽም። የውጭ ምንዛሬ ካርድ፣ የማጓጓዣ ዋጋና የጉምሩክ ቀረጥ ሲደማመሩ ለሱቅሽ የሚተርፍ ዕቃ ማግኘት ከባድ ነው።

የኢቤይን አሠራር ግን እወቂው፣ ብልሃት አለው። ኢቤይ በ1995 እ.ኤ.አ. የተጀመረው በጨረታ ነው፤ ዛሬ እዚያ ከሚሸጠው አብዛኛው በቁርጥ ዋጋ መሆኑን ልብ በይ፣ እመለስበታለሁ። ጨረታው ላይ የምትጽፊው ትልቁን ዋጋሽን ነው፣ ሌላ ሰው አያየውም። ሥርዓቱ በአንቺ ፈንታ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እየጨመረ ይሄዳል። 60 ዶላር ጽፈሽ የሁለተኛው ሰው ትልቁ ዋጋ 40 ቢሆን የምትከፍይው 41 ነው፤ በዚያ የዋጋ ክልል ጭማሪው በአንድ ዶላር ነውና። ስለዚህ እዚያ ጣሪያሽን እንዳለ መጻፍ አይጎዳሽም፤ የምትከፍይውን የሚወስነው ከአንቺ ቀጥሎ ያለው ሰው ነው። ቶሎ ገብቶ ሌላውን ከማነሳሳት በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አንዴ መጻፍ የለመደባቸው ብዙዎች ናቸው፣ ሰዓቱ አንዴ ከሞላ አይራዘምምና።

ሰዓቱ ራሱ ደግሞ የሐበሻን ተጫራች ያጃጅላል። የኢቤይ ሰዓት የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ነው። "ከምሽቱ 6:00 ይዘጋል" የሚል ካየሽ በእነሱ በጋ በእኛ በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው ከሌሊቱ 11። ሰዓታቸውን በፈረንጆቹ ማርችና ኖቬምበር ስለሚቀያይሩ የአንድ ሰዓት ልዩነቱ ከዚያ ይመጣል። በስልክሽ የሚታየው በኢትዮጵያ ሰዓት የተስተካከለ ይሁን አይሁን አስቀድመሽ አረጋግጪ።

የአያታችሁ ጠገራ ብር ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። መጀመሪያ አታጥቢው፣ በአመድም በጥርስ ሳሙናም አትወልውዪው። ሰብሳቢዎች ከሚያብለጨልጭ የተፈተገ ብር ይልቅ የጠቆረውን ይመርጣሉ፤ በአንድ ማለዳ ፍትጊያ ዋጋውን ልታወርጂው ትችያለሽ። ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ካለ እሱን ለብቻ አስቀምጪ፣ እንደ ሳንቲም ዋጋው ዝቅ ይላል።

ሁለተኛ፣ ላዩ ላይ 1780 ተጽፎ ስታዪ ከ240 ዓመት በላይ የቆየ ነው ብለሽ ለማንም እንዳትጽፊ። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲመታ ኖሯል፤ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ ጭምር። ጣሊያን በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያስመታችው አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ነው። ሰብሳቢው የትኛው የት እንደተመታ በትናንሽ ምልክቶች ይለያል፤ ሻጩ "የ1780 ነው" ብሎ ሲጽፍለት ወይ አያውቅም፣ ወይ ያታልላል ብሎ ያልፈዋል።

የመነሻ ዋጋውን ከብሩ ክብደት ተነሺ። ትክክለኛው ጠገራ ብር 28 ግራም ከትንሽ ነገር ይመዝናል፣ ንጽሕናው ከሺህ 833 ነው፤ ንጹሕ ብሩ የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ ያህል ይሆናል። የዕለቱን የብር ዋጋ በዚያ ብታባዢው ከዚያ በታች የማትሸጪበትን ታውቂያለሽ። ፒያሳ ከሚገኝ ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጪው፤ 24 ወይም 25 ግራም ካለሽ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ጠርዙን ዙሪያውን እዪው፤ በላቲን "ፍትሕና ምሕረት" የሚል ጎላ ያለ ጽሑፍ አለበት። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ተጠራጠሪ። ለጨረታ ፎቶ ስታነሺም ፊቱንና ጀርባውን ብቻ አትበይ፤ ሚዛን ላይ ያለበትንና ጠርዙንም አንሺ። አብዛኛው ሻጭ ይህን አያደርግም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚቀድመው፣ ከአገር ማስወጣት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። አሮጌ ገንዘብ በዚህ ውስጥ ይገባል አይገባም ብለሽ አንቺም ሆንሽ የአክስትሽ ልጅ በግምት አትወስኑ፤ ብሮቹን በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ሒሳቡን ከዘመድሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ። ኢቤይ አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ዘርፍ ከሽያጩ ከ13 በመቶ በላይ ይቆርጣል፤ የሚቆርጠውም ገዥው ለማጓጓዣ ከሚከፍለው ጭምር ነው። ገዥው ዕቃው እንደተባለው አይደለም ብሎ 30 ቀን ድረስ አቤት ሊል ይችላል። አካውንቱ የእሷ ስለሆነ ተጠያቂዋም እሷ ናት፤ ስለዚህ ገንዘቡ ዛሬ ገባ ብለሽ ነገ ላኪልኝ አትበያት። ወር ይለፍ። ዘመድ ከዘመድ የሚጣላው በዚህ ነው።

ኮምቦልቻን በተመለከተ፦ ከጠቀስሻቸው ሁሉ ለአንቺ የሚሻለው ይኸኛው ይመስለኛል። ማስታወቂያውን በስልክሽ ታያለሽ፣ ዕቃውን ግን ሐረጎን ወርደሽ በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ፤ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጠው "ባለበት ሁኔታ" ነው፤ ከወሰድሽው በኋላ ተበላሸ ብለሽ የምትመልሺበት መንገድ የለም። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ ለማየት የተፈቀደውን ቀን አታሳልፊ። አንዳንዱ በሎት ተጠቃሎ ስለሚቀርብ የምትፈልጊውን አምስት ምጣድ ለማግኘት የማትፈልጊውን ሠላሳ ካርቶን አብረሽ ትወስጃለሽ፤ ለማይሸጥልሽ ነገር ዜሮ ዋጋ ስጪው። ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥር፣ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (ባንክ የሚያዘጋጅልሽ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) የሚጠይቅ መሆኑን ማስታወቂያው ላይ አንብቢ። አሸንፈሽ በተሰጠሽ ቀን ካልከፈልሽ ማስከበሪያሽ ይወረሳል። ወሬ ሰምቶ ደርሶ "ልያዘው ብቻ" ብሎ የሚጫረት ሰው ሲፒኦውን ጥሎ ይመለሳል።

እዚያ በታሸገ ፖስታ ከሆነ አንድ ነገር ይለያል። ኢቤይ ላይ ሁለተኛው ሰው በሰጠው ላይ ትንሽ ጨምረሽ ስለምትከፍይ ጣሪያሽን ሙሉውን ትጽፊያለሽ ብያለሁ። ፖስታ ላይ የምትከፍይው የጻፍሽውን ነው። ሁለተኛው 40,000 ጽፎ አንቺ 60,000 ብትጽፊ ሃያው ሺህ በከንቱ ሄደ። ስለዚህ ከጣሪያሽ ዝቅ ብለሽ ጻፊ፤ ምን ያህል ዝቅ እንደምትይ የሚያስተምርሽ ያለፉት ሐራጆች አሸናፊ ዋጋ ነው። ፖስታዎቹ ሲከፈቱ ሳትጫረቺም ቢሆን ሄደሽ ቁሚና መዝግቢ። ድምፅ እያወጡ የሚጫረቱበት ሐራጅ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ቁሚ፤ ቁጥርሽ የተጻፈበትን ወረቀት እጅሽ ላይ ያዢ፣ ሲያልፈው ውጪ።

ራስሽ ስትሸጪስ? ሁሉን ነገር በጨረታ አትሽጪ። ኢቤይ እንኳ ወደ ቁርጥ ዋጋ የዞረው ለዚህ ነው፤ ዋጋው የታወቀ ተራ ዕቃ ላይ ሰው ሰዓት እስኪሞላ አይጠብቅም። ጨረታ የሚያምርበት ዋጋው የማይታወቅ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ዕቃ ነው፤ አሮጌ ሬዲዮ፣ የጥንት ሣጥን፣ በቀላሉ የማይገኝ መለዋወጫ። የቆመው የስፌት መኪናሽ በዚህ ይገባል። ሽፋኑን ከፍተሽ ውስጡን ፎቶ አንሺ፣ የተሰበረውን ክፍል በቅርብ አሳዪ፣ የማይሠራ መሆኑን ከላይ በመጀመሪያው መስመር ጻፊ። ለመስፋት የሚገዛው ባታገኚ፣ ለመለዋወጫ የሚፈልግ የደሴና የኮምቦልቻ ጠጋኝ አለ፤ ሁለት ከመጡልሽ ጨረታው ሄደልሽ። ዕቃው ለአንቺ የማይረባ ከሆነ መነሻውን ዝቅ ማድረግ አትፍሪ፣ ሰው የሚሰበሰበው በዝቅተኛ መነሻ ነው። የሚዘጋበትን ሰዓት ደግሞ ሰው ከሥራ ገብቶ ስልኩን በሚያይበት ምሽት አድርጊው፣ ደመወዝ ከወጣ በኋላ ባለው ሳምንት ቢሆን ይመረጣል።

ስልክ የምትገዢ ከሆነ ለሻጩ ከመክፈልሽ በፊት ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል አስደውዪውና የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክሪ፤ አይፎን ከሆነ ፊትሽ ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲያጸዳውና የቀድሞውን ባለቤት ኢሜይልና የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ እንዲነሳ አድርጊ። አዲስ አበባ ያለ ዕቃ ከሆነ መርካቶ የምታምኚው ሰው ይይልሽ፤ ለማያውቁት ግለሰብ አካውንት "ማስያዣ" ብሎ ብር መላክ የለም።

የመጨረሻው የክፍያ ጉዳይ ነው። ቴሌብር ከመጣ ከግንቦት 2013 ወዲህ መክፈል ቀሏል፣ የሐሰት መልእክትም አብሮ ቀሏል። ገዥው "ልኬያለሁ" ብሎ ስክሪንሾት ይልክልሻል፤ ወይም ልክ ከቴሌብር የመጣ የሚመስል አጭር መልእክት ይደርስሻል። ሁለቱም ገንዘብ አይደሉም። መልእክቱን አትመኚ፣ መተግበሪያውን ራስሽ ከፍተሽ ቀሪ ሒሳብሽን እዪ፣ ከዚያ ዕቃውን ለአውቶቡሱ ረዳት አስረክቢ። ኔትወርክ ጠፍቶ ማየት ካልቻልሽ አውቶቡሱ ይሂድ፤ ዕቃው በማግስቱ ይጫናል።